ለስኪ ኮሎራዶ ስንሄድ የት እንረፍ፦ ብሬከንሪጅ፣ ፍሪስኮ ወይስ አውሮራ?

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። በማርች አጋማሽ ከባለቤቴ፣ ከ6 እና ከ9 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ከእናቴ ጋር ለአራት ቀን ወደ ኮሎራዶ ለመሄድ አስበናል። ልጆቹ ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ሞክረው አያውቁም፤ እናቴም በረዶውን በመስኮት ከማየት ያለፈ ፍላጎት የላትም። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያሉ ዘመዶቻችን «ቤት እያለ ምን ሆቴል አስኬዳችሁ?» ብለው ሊቀየሙን ምንም አልቀራቸውም። ባለቤቴ የስኪ ተራራው ባለበት ብሬከንሪጅ፣ ሰውን ወደ ተራራው ከሚያወጣው ሊፍት አጠገብ ማረፍ ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ በአቅራቢያው ባለው ፍሪስኮ ላይ በዋጋ ሻል ያለ ኮንዶ አይቻለሁ። ጉዞው ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ማብሰያ ያለው ቤት እንመርጣለን። አካባቢውን የምታውቁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከአውሮራ

ከአውሮራ በየቀኑ መመላለስን ከልጆች ጋር አልመክርም። ከዴንቨር እስከ ፍሪስኮ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአዘቦት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅም፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተራራው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ከተማው በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ የሚሰለፈው መኪና ጊዜውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በረዶ በርትቶ ከጣለ በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ጭራሽ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። መኪና የምትከራዩ ከሆነ ጎማው ለበረዶ የሚሆን መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ መንገድ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ሕጉ ያስገድዳል።

ይሁንና የዘመዶቻችሁን ግብዣ ሙሉ በሙሉ አትግፉት። የመጀመሪያዋን ሌሊት እነርሱ ዘንድ ብታድሩ ቅሬታ አይኖርም፤ እንጀራውንም ከአውሮራ ሱቆች ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

መልስ፦ ነርስ፣ ዴንቨር

ይህ ምክር ከጤና አንጻርም ትክክል ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር፣ ፍሪስኮ 2,770 ሜትር፣ ብሬከንሪጅ ደግሞ 2,920 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ብሬከንሪጅ ከደብረ ብርሃን እንኳ ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው። «እኛ እንደሆንን የደጋ ሰዎች ነን» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ነገር ግን ሰውነት ከፍታን ለምዶ የሚቆየው እዚያው እስከኖረ ድረስ ስለሆነ፣ ዓመታትን በባሕር ጠለል አጠገብ ያሳለፈ አዲስ አበቤ እንደማንኛውም እንግዳ ራሱን ሊያመውና እንቅልፍ ሊነሣው ይችላል። አንድ ሌሊት ዴንቨር አካባቢ አድሮ መውጣት ይህን ያቀልላል። በፍሪስኮና በብሬከንሪጅ መካከል ያለው የ150 ሜትር ያህል ልዩነት ግን ማረፊያ የሚያስለውጥ አይደለም። እናትዎ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

መልስ፦ ከሲልቨርቶርን

እኔ በባለቤትዎ አሳብ እስማማለሁ፤ ምክንያቴም የስድስት ዓመቱ ልጅ ነው። ፍሪስኮን ከብሬከንሪጅ የሚያገናኘው ሰሚት ስቴጅ የተባለው አውቶቡስ ነጻ ነው፤ ለአዋቂዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለማመንታት ፍሪስኮን እመርጥ ነበር። ነገር ግን የስኪ ቡት እንደ እንጨት የደረቀ ጫማ ነው፤ ልጁ ሃምሳ ሜትር ሳይራመድ ያለቅሳል፣ እናንተም የሁለት ልጆች ስኪና የራሳችሁን ተሸክማችሁ በሚያንሸራትት መንገድ ፌርማታ ላይ ትቆማላችሁ። ብሬከንሪጅ ግን ከከተማው ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስድ ነጻ ጎንዶላ (በገመድ ላይ የሚሄድ ማመላለሻ) ስላለ፣ ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቅ ቤት ካገኛችሁ መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ትውላላችሁ፤ አንዱ ልጅ ሲደክመውም ከአያቱ ጋር እንዲሆን ወደ ቤት መመለስ አያስቸግርም።

ዋጋውን ስታወዳድሩ የሌሊቱን ኪራይ ብቻ አትመልከቱ፤ የጽዳት፣ የፓርኪንግና የአገልግሎት ክፍያ፣ ግብርም ሲጨመር «ርካሹ» ኮንዶ በዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማርች አጋማሽ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ስለሆነ ሁሉም ይወደዳል፤ ከሰኞ እስከ ኀሙስ ብታደርጉት ግን መንገዱም ኪሳችሁም ይተነፍሳል። ፍሪስኮ ላይ አንድ ከሰዓት ለልጆቹ በጎማ ላይ ተቀምጠው በበረዶ የሚንሸራተቱበትን ቦታ ያዙላቸው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ሌሊት አውሮራ፣ ሦስት ሌሊት ብሬከንሪጅ በሚለው ተስማምተናል። እናቴ ግን «ምስሩ እዚያ ላይ ይበስላል ወይ?» ብላ እየጠየቀች ነው።

መልስ፦ ከሲልቨርቶርን

ይበስላል፤ ነገር ግን በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ምስሩን ከማታው ይዘፍዝፉት፤ ሽሮው ግን ችግር የለውም።