ነርስ ነኝ፣ ከጀርመን ሆስፒታል ውል መጣልኝ፤ ወረቀቱን ከየት ልጀምር?

የሳሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። በ2009 በዲግሪ ተመርቄ አዲስ አበባ እየሠራሁ ነው። የጀርመንኛ ቋንቋ ቢ1 ደረጃን አልፌያለሁ፣ አሁን ቢ2 እየተማርኩ ነው። ራሴ በኢሜይል አመልክቼ ዶርትሙንድ አካባቢ ያለ አንድ ሆስፒታል በቪዲዮ ኢንተርቪው አደረገኝና ውል ላከልኝ። ግን ውሉ መጀመሪያ በረዳት ነርስነት ትሠሪያለሽ ነው የሚለው። ሙሉ ነርስ የምሆነው ዲግሪዬ ዕውቅና ሲያገኝ ነው። አሠራሩ እንደዚህ ነው ወይስ እያጭበረበሩኝ ነው?

ሌላም ችግር አለ። የአባቴ ስም ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤስ፣ ዲግሪዬ ላይ በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው። የተወለድኩበት ዓመትም በፓስፖርቴና በልደት ሰርተፍኬቴ ላይ በአንድ ይለያያል። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ፣ ቪዛውም በእጄ ነው» ብሎ መቶ ምናምን ሺህ ብር ጠይቆኛል። እናቴ ዕቁቧን ልትሰጠኝ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መንገደኛው፦
እህቴ ክፈይና ተገላገይ። እዚህ አገር ያለ ሰው የሚያልቅ ጉዳይ አለ እንዴ? ስሙንም እሱ ያስተካክለዋል። ዕድል ሁለቴ አይመጣም።

ከዶርትሙንድ፦
መንገደኛው፣ አትቆጣኝና ምክርህ ልጅቷን ገደል ይከታታል። እኔ እዚሁ ዶርትሙንድ ነርስ ነኝ፣ በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት።

እህቴ፣ መጀመሪያ የእናትሽን ዕቁብ ቦታው መልሺ። ቪዛ በማንም እጅ የለም። የኤምባሲው የቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው፣ አለቀ። ደግሞም የጀርመን ሕግ ከኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ መመልመልና ማገናኘት የፈቀደው ለራሳቸው የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት «የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው» ብሎ በዘረዘራቸው ሀገራት ውስጥ ስላለች ነው። አንቺ በራስሽ ማመልከትሽ ግን መብትሽ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ስለዚህ ያ ሰውዬ የሚሸጥልሽ አንቺ ጨርሰሽ የያዝሽውን ነገር ነው።

ውሉ ማጭበርበር አይመስለኝም፣ አሠራሩ ነው። እዚህ ነርስነት ያለ ፈቃድ የማይሠራ ሙያ ነው። ዲግሪሽን ከእነሱ ሥልጠና ጋር አስተያይተው የጎደለውን የሚዘረዝር ደብዳቤ ይጽፉልሻል። ዴፊዚትቤሻይድ ይሉታል፣ «የጉድለት ውሳኔ» እንደማለት ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ውድቀት አይደለም፤ በሱ ነው ቪዛ የምትጠይቂው። ከመጣሽ በኋላ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትወስጃለሽ ወይ ፈተና ትቀመጫለሽ። እስከዚያ ረዳት ነሽ፣ ደመወዙም የረዳት ነው። ውሉ ላይ ግን አንድ ነገር እዪ፦ ዕውቅና ካገኘሽ በኋላ የሚከፈልሽ በቁጥር ተጽፏል? ካልተጻፈ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። አይቀየሙሽም፣ እዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ሁሉ ቪዛ ቪዛ ይላል። አብዛኛው ሰው የሚንገላታው ግን ከዩኒቨርሲቲው በሚያመጣው ወረቀት ነው። የእነሱ የነርስ ሥልጠና 2100 ሰዓት ትምህርትና 2500 ሰዓት ተግባር ነው። ያንቺን ከዚህ ጋር በሰዓት ነው የሚያስተያዩት። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለው ክሬዲት ምንም አይነግራቸውም። ሬጅስትራር ሂጂና እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የተግባር ልምምድሽም በየክፍሉ (ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ አእምሮ) ስንት ሰዓት እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም አስጽፊ። «እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የለንም» ይሉሻል። ሠንጠረዡን ራስሽ አዘጋጅተሽ ሂጂ፣ እነሱ ከካሪኩለሙ ጋር አስተያይተው ይፈርሙበት። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ «ነገ ነይ» ነው። የአረጋውያን እንክብካቤ ሰዓት ካለሽ በተለይ እንዳይቀር፤ እኛ ብዙ ጊዜ የሚጎድለን እሱ ነው። የሠራሽበት የሆስፒታል ልምድም የጎደለውን ሊያሟላ ስለሚችል የልምድ ደብዳቤው የሠራሽበትን ዋርድ በስም ይጥቀስ። «በትጋት አገልግላለች» ብቻ የሚል ደብዳቤ እዚህ ዋጋ የለውም።

ማመልከቻው የሚገባው ሆስፒታሉ ባለበት ክፍለ ግዛት ነው። ለዶርትሙንድ የሚያየው ሙንስተር ያለው ቢሮ ነው። ለሆስፒታሉ «የተፋጠነውን አሠራር ትጀምሩልኛላችሁ?» ብለሽ ጻፊላቸው። አሠሪው ነው እዚህ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የሚያስጀምረው። ክፍያው 411 ዩሮ ነው፣ ብዙ ሆስፒታሎች ራሳቸው ይሸፍኑታል። በዚህ ከሄደ የዕውቅናውም የኤምባሲ ቀጠሮውም ጊዜ በሕግ የተገደበ ነው። ያለዚያ ወረፋው ያስረጅሻል።

የሳሪሷ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን አሁኑኑ ደወልኩላት። የስሙና የልደቱ ነገርስ? ዝም ብዬ ባስገባው ያስተውሉታል?

ከዶርትሙንድ፦
ያስተውላሉ። የእነሱ ሥራ እሱ ነው። ደግሞ ድሮ ኤምባሲው ከከለከለሽ የቅሬታ ደብዳቤ ትጽፊ ነበር፣ እንደገና ያዩልሽ ነበር። ያ አሠራር ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ወይ እንደ አዲስ ማመልከት ወይ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ ወረቀቶችሽ ከመግባታቸው በፊት እርስ በርስ ይስማሙ። ዋናው ፓስፖርቱ ነው፣ ሌላው ወደ እሱ ይምጣ። ዩኒቨርሲቲው ወይ ዲግሪውን ያስተካክልልሽ፣ ወይ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በደብዳቤ ይግለጽልሽ። ልደትሽ መቼ ነው?

የሳሪሷ፦
ታኅሣሥ 12 ቀን 1987። ፓስፖርቴ 1994 ይላል፣ የልደት ሰርተፍኬቴ በእንግሊዝኛው በኩል 1995።

ሰነድ ተርጓሚ፦
ልጄ፣ ትርጉም ቤት አለኝ፣ ይሄ በየቀኑ የሚመጣብኝ ነው። ፓስፖርትሽ ልክ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ፈረንጅ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ታኅሣሥ 12 ቀን 1987 ዲሴምበር 21 ቀን 1994 ነው። ሰርተፍኬቱን የሞላው ሰው 8 ደምሮበታል። ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄደሽ አሳርሚ። በቃል ተከራክረሽ አይሆንም፣ በማመልከቻ ነው።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ዲግሪሽ ወይም የልምድ ደብዳቤሽ ላይ «2009» ብቻ ካለ፣ ተርጓሚው ዝም ብሎ 2009 ብሎ ያልፈዋል። እዚያ ያለው ሰው ሲያነበው በ1994 ተወልዳ በ2009 ተመረቀች፣ የ15 ዓመት ነርስ! ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ በይ። እኔ ጋ የሚመጡ ወጣቶች «አይ ጋሼ፣ ይገባቸዋል» ይሉኛል። አይገባቸውም።

ከዶርትሙንድ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጀርመንኛውን ትርጉም ከማሠራቷ በፊት የትኛውን ተርጓሚ እንደሚቀበሉ ሙንስተርን በኢሜይል ትጠይቅ። አንዳንድ ቢሮ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ካልሆነ አይቀበልም፣ ሁለቴ መክፈል ይመጣል።

የሳሪሷ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። እህቴ፣ ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከዶርትሙንድ፦
በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን ማስመዝገብ አለብሽ፣ ሕግ ነው። ለዚያ የቤቱ ባለቤት የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የሆስፒታሉ መኖሪያ ከሆነ እነሱ ይሰጡሻል፣ ቁልፉን ስትቀበዪ አብረሽ ውሰጂ። ሳትመዘገቢ የግብር ቁጥር አይመጣም፣ የግብር ቁጥር ከሌለሽ ደግሞ ከመጀመሪያ ደመወዝሽ ላይ በከፍተኛው መደብ ነው የሚቆርጡብሽ። በኋላ ይመለሳል፣ ግን የመጀመሪያ ወር ላይ ያማል።

እና ፖስታ ሳጥንሽ ላይ ስምሽን ለጥፊ። በፓስፖርትሽ የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ያለውን። ያ ስም ሳጥኑ ላይ ከሌለ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞት ይመለሳል፤ የግብር ቁጥሩም፣ የባንክ ካርዱም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮውም የሚመጡት በፖስታ ነው።