ጎረቤቴን እንዴት ልርዳት? የፖሊስ ሪፖርቱ ጎድሏል

ሰላም ወገኖች፣ አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ሕግ የምታውቁ ብትረዱኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጎረቤታችን የመናዊት ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። ቡና ስናፈላ አትቀርም፤ «ቡና የእኛ ነው፣ የለም የእኛ ነው» እያልን እንከራከራለን።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ሰውዬ ፓርኪንግ ላይ «አሸባሪ፣ ወደ አገርሽ ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ የመኪናዋን መስታወት በብረት ሰባበረው። ከመስኮት ሆኜ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም። ፖሊስ መጣ፤ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን «የንብረት ጉዳት» ብቻ ነው። ስድቡ የለም። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው፣ አስተርጓሚም አልጠሩላትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ወርጄ አልተናገርኩም። ፈራሁ።

እንደሚገባኝ የጥላቻ ወንጀል የሚባለው ሰውዬው በምን ተነሳስቶ እንዳደረገው ሲታወቅ ነው። ስድቡ ካልተጻፈ በምን ይታወቃል? ኤፍቢአይ እንኳ በአረቦች ላይ የሚፈጸመውን ለብቻው መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

እሷ «ተዉት» ትላለች። በ2023 ኢሊኖይ ውስጥ ትውልደ ፍልስጤም የሆነውን የ6 ዓመት ልጅ የገደለው የቤት አከራያቸው ነበር። ያንን ከሰማች ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ያስፈራታል። የጥገኝነት ጉዳይዋም ገና አላለቀም።

አሁን ምስክርነቴን ብሰጥ ሪፖርቱ ላይ ይጨመራል? ወይስ በቀጥታ ኤፍቢአይ ጋ ልደውል? እሷ ሳትስማማ ብናገር ጉዳይዋን ይጎዳባት ይሆን? ሰውዬው እዚሁ ሕንጻ ነው የሚኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ እንገናኛለን።