ዮሐንስ 3፥16 ላይ ያለው «ሁቶስ»፦ «በዚህ መንገድ» ወይስ «ይህን ያህል»?

ግሪክኛ ለምታውቁ፦ ለጥናት ቡድን ቃል በቃል ትርጉም እያዘጋጀሁ «እንዲሁ ወዶአልና» ላይ ቆሜአለሁ። ብዙ ሰው «እንዲሁ»ን «ያለ ምክንያት፣ በነፃ» ብሎ ይሰማዋል። ግሪክኛው ግን «ሁቶስ» ነው። «በነፃ» ለማለት «ዶሬአን» አለ፤ ሮሜ 3፥24 ላይ «እንዲያው በጸጋው» የተባለው እሱ ነው። ስለዚህ ይህን ፍቺ ጥያለሁ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ቁጥር 14 ላይ «ካቶስ … ሁቶስ» (እንደ ሰቀለ … እንዲሁ) ስላለ ሁኔታን ማመልከቱ ያደላብኛል። 1ኛ ዮሐንስ 4፥11ም «እንዲህ አድርጎ ከወደደን» ይላል። መጠንን በግልጽ የማገኘው ገላትያ 3፥3 ላይ ነው፤ እዚያ ግን ቃሉ የተጠጋው ቅጽልን እንጂ ግስን አይደለም።

የሚያስቸግረኝ ተከትሎ የሚመጣው «ሆስቴ» («… ድረስ» የተባለው ማያያዣ) ነው፤ «እስኪሰጥ ድረስ» የሚለው መጠንን ይጎትታል። የሐዋርያት ሥራ 14፥1 ላይም «ሁቶስ ሆስቴ» አለ፤ ሆኖም እዚያ ከ«ሆስቴ» በኋላ ያለው ግስ ንዑስ አንቀጽ (እንደ «ማመን» ያለ) ነው፣ ዮሐንስ ግን «ኤዶኬን» (ሰጠ) ብሎ አድራጊውን በሚያሳይ ማሰሪያ ግስ ይጽፋል። ይህ ልዩነት ፍቺውን ይቀይረዋል? «ሁቶስ» ከግስ ጋር ሆኖ መጠንን ብቻ የሚያሳይበት ሌላ የአዲስ ኪዳን ጥቅስ ካለ ምዕራፍና ቁጥሩን ጻፉልኝ።