ሙሾ ለቅሶው ላይ ልቅረጽ ወይስ በኋላ ልጠይቅ?

የመሐል ሜዳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የፎክሎር ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ የመንዝ ሙሾ ነው። አማካሪዬ «ሥነ ቃል ከክዋኔው፣ ማለትም ሰው ፊት ከሚቀርብበት ሁኔታ፣ ተነጥሎ አይጠናም፤ ለቅሶው ላይ ቅረጪ» ይለኛል። ከሥነ ቃል ተመራማሪዋ ከሩት ፊኔጋን ጀምሮ ያነበብኩትም ይህንኑ ይላል። ግን ያደግኩበት አገር ነው። ድንኳን ውስጥ ስልክ ደግኜ ብቆም እናቴን ምን ይሏታል? ባለፈው አንድ ለቅሶ ሄጄ ስልኬን ከነጠላዬ ሥር ሳላወጣ ተመለስኩ። አንዲት ሙሾ አውራጅ ጎረቤታችን ናቸው፤ «ቤት ነይና እነግርሻለሁ» ብለውኛል። ቤት ቁጭ ብለው የሚነግሩኝ ለጥናት ይሆናል? ደግሞስ «ተቤቱ» ሲሉ እንዳለ ልጻፍ ወይስ «ከቤቱ» ብዬ ላስተካክለው?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ አንቺም አማካሪሽም ልክ ናችሁ። መካከል ላይ ያለውን መንገድ ግን ማንም ያልነገረሽ ይመስለኛል። ኬኔት ጎልድስታይን የሚባል አሜሪካዊ በ1964 እ.ኤ.አ. ለፎክሎር መስክ ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ ሦስት ዓይነት አውድ ይለያል። አንዱ ተፈጥሯዊው ነው፤ ለቅሶው ራሱ። ሁለተኛው ሰው ሠራሹ ነው፤ አንቺ ጠያቂ፣ እሳቸው መላሽ። ሦስተኛውን ተመራማሪው ያመቻቸዋል፤ ለባለቤቶቹ ግን እንደ ወትሮው ጨዋታቸው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ይህን ነው።

ለቅሶው ላይ እንደ ማንኛዋም ለቅሶ ደራሽ ተቀመጪ። ማን አወረደ፣ ማን ተቀበለ፣ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ መቼ ወጣ፣ ሰዉ የት ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ? ይህን ይዘሽ ግቢና ማታውኑ ጻፊው። አርባው ሲያልፍ ጎረቤትሽን ብቻቸውን አታስቀምጫቸው። ሁለት ሦስት እኩዮቻቸውን ጥሪ፤ ቡና ይፈላ። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ «ኧረ እንዲያ አይደለም ያለችው» ትላለች። ያኔ አስፈቅደሽ ቅረጪ። እኔ ደህና ሙሾ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው እንጂ በመጠይቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሙሾ አውራጅ ሟቹን ብቻ አታነሳም። ታሞ ሳለ ያልጠየቀውን ወንድም፣ ድንበር የገፋውን ዘመድ ትሸነቁጣለች። ቡና ላይ ያቺን ስንኝ ይዘሏታል። የማታው ማስታወሻሽ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ምን እንደተዘለለና ማን ፊት እንደተዘለለ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

«ተቤቱ»ን እንዳትነኪው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የአነጋገራቸውን ለዛ አላጠፉትም። እሱን አንብቢው። ቅጂው አልሰማ ካለሽ ደግሞ ቀለም ቁጠሪ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ስልት ከሆነ በስንኙ እኩሌታ ስድስት ስድስት ቀለም ነው። አምስት ከመጣ ያመለጠሽ ነገር አለ። ሳድስ ላይ ተጠንቀቂ እንጂ፤ አንዳንዱ ይዋጣል።

ደረቅ ወንበር

እኔ ከመምህሩ በአንድ ነገር እለያለሁ። ተቀባይ የሌለው ሙሾ ሙሾ አይባልም፤ ግጥም ነው። ቡና ላይ ደረት አይመታም። ዜማውንና እንቅስቃሴውን እተነትናለሁ ካልሽ የቡናው ቅጂ አያዋጣሽም። ስንኙን ብቻ ከሆነ ይበቃል። እህቴ፣ ርዕስሽን አሁኑኑ አጥብቢ፤ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ መከራ ነው።

ሰነድ ጠባቂ

ፈቃድ ከሙሾ አውራጇ ብቻ አይበቃም። ሐዘኑ የቤተሰቡ ነው፤ እነሱንም ጠይቂ። የማስተርስ ጽሑፍ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይጫናል፤ የሟቹ ልጅ አረብ አገር ሆና በስልኳ ልታነበው ትችላለች። የሟቹን ስም ብትሰርዢውም የፈረሱ ስም ስንኙ ውስጥ ከተተወ አገሩ ሁሉ ሰውየውን ያውቀዋል።

የመሐል ሜዳ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለአማካሪዬ የጎልድስታይንን ነገር አቀርብለታለሁ። ዜማውንም ትቼዋለሁ፤ ስንኙ ላይ ብቻ እሠራለሁ። ግን የፈረሱን ስም ከሰረዝኩት ስንኙ ቤት አይመታም እኮ!

ጡረተኛው መምህር

አትሰርዢው፤ በሌላ የፈረስ ስም ተኪው። ቀለሙ እኩል ይሁን፣ መድረሻ ፊደሉም ይግጠም። መተካትሽን በግርጌ አስታውቂ። ዋናውን ቅጂ ከአማካሪሽ በቀር ማንም አይስማው።