«ብዛት 6» ስንት ረድፍ ነው? የቴሌኮም ሥራ ማስታወቂያንና የሥልጠና መዝገብን ለትንተና ስለማዘጋጀት

ጠያቂ፦ ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የምማረውም ጎንደር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የያዝሁት ጥናት በቴሌኮም ዘርፍ ቀጣሪዎች በሚፈልጉት ሙያና ኮሌጆች በሚያሠለጥኑት መካከል ያለውን ርቀት የሚመረምር ነው። እስካሁን ሁለት ክምር ይዣለሁ፤ አንደኛው ከጋዜጣ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳና ከቴሌግራም ቻናሎች የለቀምኋቸው የሥራ ማስታወቂያዎች፣ ሌላው ደግሞ በደብዳቤ ጠይቄ ያገኘኋቸው የሠልጣኞች ዝርዝሮች ናቸው። ሁለቱንም ኤክሴል ላይ አስፍሬያቸዋለሁ፤ ነገር ግን በቆጠርኋቸው ቁጥር የተለየ ድምር ይወጣልኛል።

ለምሳሌ አንዱ ማስታወቂያ «የቴሌኮም ቴክኒሽያን፣ ብዛት 6፣ የሥራ ቦታ ጎንደር፣ ደባርቅና መተማ፣ ደመወዝ በስምምነት» ይላል። ይህን እንደ አንድ ልቁጠረው፣ እንደ ሦስት ወይስ እንደ ስድስት? ያው ማስታወቂያ በአራት ቻናል ተለጥፎ በአንዱ «ቴክኒሻን»፣ በሌላው «ቴክኒሺያን» ተብሏል። ከሥልጠናው መዝገብ ጋር ላገናኘው ስሞክር ደግሞ መዝገቡ «ደረጃ 4» ሲል ማስታወቂያው «10+3 ወይም ዲፕሎማ» ይላል። አማካሪዬ «መረጃውን አጽዳው» ብለውኛል፤ ከየት እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ፦ ሠንጠረዥ አዋቂ

«ማጽዳት» የሚለውን ቃል ለጊዜው ይተዉትና አንድ ረድፍ ምንን እንደሚወክል አስቀድመው ይወስኑ። እኔ የምመክርዎት አንድ ረድፍ በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ያለ አንድ የሥራ መደብ በአንድ የሥራ ቦታ እንዲሆን ነው። በዚህ ስሌት ምሳሌዎ ሦስት ረድፍ ይሆናል፤ ሦስቱም አንድ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ይጋራሉ። ስድስቱ ሰው በየቦታው እንዴት እንደሚከፋፈል ማስታወቂያው ካልነገረዎት ለየከተማው ሁለት ሁለት ብለው አያድሉት፤ 6ን በማስታወቂያው ደረጃ መዝግበው የቦታውን ብዛት ባዶ ይተዉት። ባዶ ሕዋስ አያሳፍርም፤ በግምት የተሞላ ሕዋስ ግን ከአንድ ወር በኋላ እርስዎን ራስዎን ያሳስትዎታል።

ከአራት ቻናል የመጣው አንድ ማስታወቂያ ቀጣሪው፣ መደቡና የመመዝገቢያ ማብቂያው ቀን አንድ ከሆነ አንድ መለያ ይሰጠዋል። ከዚህ ጋር ግን «በድጋሚ የወጣ ማስታወቂያ» የሚለውን አያምታቱት። እርሱ ቅጂ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀጣሪው የሚፈልገውን ሰው በመጀመሪያው ዙር አላገኘም ማለት ነውና ለእርስዎ ጥናት ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት እርሱ ነው። የራሱ ዓምድ ይገባዋል።

የፊደሉን ጉዳይ በተመለከተ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የያዘውን ዓምድ ፈጽሞ አይንኩት። ከጎኑ ሌላ ዓምድ ከፍተው ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ያምጧቸው፤ «ሥራ» እና «ስራ»ም በፍለጋ ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ይህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል እንጂ ለንባብ የሚቀርብ አጻጻፍ አይደለም። ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች ካሉዎት ደግሞ አስቀድመው ካልተቀየሩ የሚታይዎት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልግባ፤ እርሱም ቀን ነው። «12/02/2015» የሚል ማስታወቂያ አለዎት እንበል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 2015 ከሆነ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 22 ቀን 2022 ነው። ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም፤ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ፌብሩዋሪ 12 ወይም ዲሴምበር 2 ቀን 2015 ብሎ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል። ከዚህ የሚብሰው ጳጉሜን ነው፤ «05/13/2015» ብለው ያስገቡት ጳጉሜን 5 ወር በሚቀድምበት አቀማመጥ ሜይ 13 ይሆንልዎታል። ስለዚህ ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ያስገቡ፤ በአራተኛው ዓምድ የዘመን አቆጣጠሩን ይጻፉ፤ ልወጣውም በመጨረሻ ይሁን። ቋሚ ልዩነት እየቀነሱ መለወጥም አያዋጣም፤ መስከረም 1 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሏል። ከቴሌግራም የወሰዱት ከሆነ የመልእክቱ ሰዓትና ቀን ጥሩ ምስክር ስለሆነ አብረው ያስቀምጡት።

መልስ፦ የኬብል ሰው፣ አዘዞ

እኔ የሠንጠረዥ ሰው አይደለሁም፤ በኮንትራት ፋይበር ስንዘረጋ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ፣ «ቴክኒሽያን» የሚለው ስም እንዳያታልልህ ለማለት ነው የገባሁት። እኔ ራሴ «ሲኒየር ቴክኒሽያን» ተብዬ በአንድ ኮንትራክተር ተቀጥሬ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ቦይ ሲቆፈር ስቆጣጠርና ኬብል ስጎትት ነው ያሳለፍሁት። ፋይበር የሚበየድበትን ስፕላይስ ማሽን የነካሁት ባለሙያው ታሞ የቀረ ዕለት ነው። ማስታወቂያው ላይ ስሙን ሳይሆን ከሥር ያለውን የሥራ ዝርዝር አንብብ፦ ፋይበር መበየድና በኦቲዲአር (የፋይበሩን ጤንነትና የተቋረጠበትን ርቀት በሚያሳየው መሣሪያ) መለካት፣ ማማ ላይ ወጥቶ አንቴና ማሰር፣ የሳይት ጀነሬተርና ባትሪ መንከባከብ፣ ቤት ለቤት መስመር ማስገባት፣ እነዚህ አራቱ የተለያየ እጅ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።

ሌላው ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ነው። ወደ ደባርቅ መስመር ሳይት የሚጠብቅ ሰው መኪና መያዝ ካልቻለ ሌላው ችሎታው ብዙም አይጠቅመውም፤ ሌሊት መስመር ሲቋረጥ ሊማሊሞን የሚወርደው እርሱ ነው። በኮሌጅ መዝገብ ግን ይህን አታገኘውም። ዓምድ ስጠው።

መልስ፦ ሠንጠረዥ አዋቂ

የአዘዞው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ ለዚያም የሚሆን መሣሪያ አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ፣ ማለትም ኢስኮ 08፣ የቴሌኮም መሐንዲስን በ2153፣ የቴሌኮም ምሕንድስና ቴክኒሽያንን በ3522፣ የመገናኛ መሣሪያ ተካይና ጠጋኝን በ7422 ለይቶ ያስቀምጣል። ስሙ «ቴክኒሽያን» የሆነ ማስታወቂያ እንደ ሥራ ዝርዝሩ ከሦስቱ ወደ አንዱ ሊገባ ይችላል። ኮዱን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሰጥተው የተለያዩበትን ቢነጋገሩበት ይመረጣል፤ የተለያዩበትም ረድፍ ምልክት ይደረግበት።

አንድ ዓምድ ደግሞ ለቀጣሪው ዓይነት ይስጡ፦ ኦፕሬተር (የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ)፣ ኮንትራክተር፣ ዕቃ አቅራቢ፣ ወኪል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. በቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ምትክ ከተቋቋመ በኋላ በኦፕሬተርነት ለዓመታት ብቻውን ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በይፋ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ የማስታወቂያው ቁጥር ቢለያይ የሥራው መጠን ተለውጦ ወይስ የሚያስተዋውቁት በዝተው እንደሆነ ይህ ዓምድ ከሌለ መለየት አይችሉም።

መልስ፦ የሬጅስትራር ባልደረባ

ከሥልጠናው ወገን ልጨምር። ለጠያቂው የተሰጠው ዝርዝር የተመዘገቡትን፣ ሥልጠናውን የጨረሱትንና የብቃት ምዘና አልፈው የምስክር ወረቀት ያገኙትን ለይቶ ካላሳየ ተመልሰው መጠየቅ አለባቸው። እኛ ዘንድ ሦስቱም በሦስት የተለያዩ መዝገቦች የሚያዙ በመሆናቸው፣ «የሠልጣኝ ዝርዝር» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያው ነው። አንድ ልጅ በደረጃ 2፣ በደረጃ 3 እና በደረጃ 4 በተከታታይ ስለሚመዘገብ ረድፍ ብቻ ከተቆጠረ ሦስት ሰው ይሆናል።

ስም ራሱ አያስተማምንም። በአንዱ መዝገብ «ገ/ማርያም» የተባለው በሌላው «ገብረማርያም» ነው፤ የአያት ስም በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። የኮሌጁን መለያ ቁጥር ይጠቀሙ። ተማሪዎችን ካገናኙ በኋላም ስሙን፣ ስልኩንና የትውልድ ቀኑን ከትንተና ፋይሉ አውጥተው የራስዎን ኮድ ብቻ ያስቀሩ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ዝርዝሩን በኢሜይል መላላክ እንደ ድሮው በዋዛ የሚታይ አይደለም።

«ደረጃ 4» እና «10+3» ስላሉት፣ አንዱን ወደ ሌላው አይቀይሩ። ማስታወቂያው የጻፈውን እንዳለ ይዘው ከጎኑ «ከ12ኛ ክፍል በታች»፣ «ቴክኒክና ሙያ»፣ «ዲግሪ» የሚል ሰፊ ምድብ ይስጡት። አጫጭር ሥልጠናዎችን ደግሞ በጥንቃቄ ይዩአቸው። የአምስት ቀን ሥልጠና የተሳታፊ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው አበል ለመክፈል ነው፤ የፈረመው ሰው ምን እንደተማረ አይናገርም። ምዘና የሌለውን ሥልጠና «ተሳትፏል» ብለው እንጂ «ሠልጥኗል» ብለው አይመዝግቡት።

ጠያቂ፦ ከማራኪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የቀን ዓምዴን ከፍቼ ስመለከት በ2015 ሜይ 13 የሚል አራት ማስታወቂያ አገኘሁ፤ አራቱም ጳጉሜን ናቸው። ኢትዮጵያዊ አቆጣጠር መሆናቸውን ያወቅሁት ቀጣሪው በአውሮፓውያኑ 2015 ገና አገር ውስጥ ያልገባ በመሆኑ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ «ደመወዝ በስምምነት» እና «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚሉትን ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ ሠንጠረዥ አዋቂ

ደመወዙን ባዶ ይተዉት፤ አገላለጹን ግን በሌላ ዓምድ «በስምምነት» ወይም «በስኬል» ብለው ይያዙት። የደመወዝ አማካይ ሲያሰሉም ቁጥር የጻፉት ቀጣሪዎች ከስንት ረድፍ ውስጥ ስንቱ እንደሆኑ ከሠንጠረዡ ሥር ይግለጹ። ዜሮ ግን እንዳያስገቡ፤ ኤክሴል በነጻ የሚሠራ ሰው አድርጎ ከአማካዩ ውስጥ ይቆጥረዋል።