ታዝዞ የሞተ ወታደር አይከበርም?

የሚሊሻው ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ላይ ስለ የካቲት 26 ሲወራ ሰማሁ። በ1970 በሶማሊያ ወራሪ ጦር ላይ የተገኘው የካራማራ ድል እንደ ዓድዋ ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ይሁን አይሁን የሚል ውይይት ነው። መልካም፤ ሰው ይከራከርበት። እንግዳው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጦርነቱ የደርግ ነበር፤ ወታደሩም ታዝዞ ነው የሄደው። ታዝዞ ለሞተ ሰው ይታዘንለታል እንጂ በዓል አይከበርለትም።» አዘጋጁም «በጣም እናመሰግናለን» ብሎ ሙዚቃ ከፈተ።

አባቴ ከጎጃም ከገበሬ ማኅበሩ ተነሥቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነና ሐረርጌ ገባ። አልተመለሰም። ሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ታንክ ድንበር ጥሶ ጎዴን፣ ቀብሪ ደሃርንና ደገሃቡርን ሲይዝ አባቴ ስለ ደርግ የሚያውቀው መሬት ላራሹን ብቻ ነበር። አሁን እኔ ለእርሱ ሻማ ለማብራት የሬዲዮ እንግዳ ፈቃድ ልጠይቅ ነው?

ዘነበች ከአራት ኪሎ፦
ሻማህን ማን ከለከለህ? ቤትህ አብራ። ክርክሩ መንግሥት ያብራ ወይ ነው። እናንተ 1970ን ስታነሡ ካራማራ ይታያችኋል፤ እኔ የሚታየኝ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ መንገድ ላይ ተጥሎ የሚገኘው ሬሳ ነው። ታላቅ ወንድሜን በታኅሣሥ ወሰዱት። እናቴ አስከሬኑን ስትለምን የጥይቱን ዋጋ ክፈይ ተባለች። ያንን ያደረገው መንግሥትና ሁለት ወር ቆይቶ «ድል በድል ሆንን» ብሎ ያወጀው መንግሥት አንድ ነው። እኔ በየዓመቱ የምሄደው መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ነው። ሌላ ቦታ አትጥሩኝ።

የሚሊሻው ልጅ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ እኅቴ። ወንድምሽን የወሰደው ግን የቀበሌ ጥበቃ እንጂ ድሬዳዋ ዳር ምሽግ ውስጥ የተኛ ገበሬ አይደለም።

ዘነበች ከአራት ኪሎ፦
ለሁለቱም ጠመንጃውን ያደለው አንድ ሰው ነው።

ሦስተኛው ረድፍ፦
እኔ ከዚህች «ታዝዞ ነው የሄደው» ከምትለዋ ነገር አልነቃነቅም። እስቲ ንገሩኝ፣ ሳይታዘዝ የዘመተ ጦር የት አለ? ዓድዋ የሄደውስ በክተት አዋጅ አይደለም? «ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም» የሚለው የአፄ ምኒልክ አዋጅ የሠርግ ጥሪ ነበር? ቃኘው ሻለቃስ? ኮሪያ የሄዱት ንጉሠ ነገሥቱ ስላዘዙ ነው፤ ያውም ድንበራችንን ያልነካ አገር ድረስ። 122 ሰው ሞቶብናል። ለእነርሱ «ታዝዘው ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ነጻ አስተያየት፦
እንግዳውን አውቀዋለሁ፤ ሊል የፈለገውም ገብቶኛል። ዓድዋ የዘመተው ሰው ቢሸነፍ የሚያጣውን ያውቅ ነበር። የደርግ ወታደር ግን ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ከገበያ ታፍሶ ነው የሄደው። አጎቴን እንዲያ ወስደውታል። የታፈሰን ሰው «ጀግና» ብሎ መጥራት አፋሹን ነጻ ማውጣት ነው።

ሦስተኛው ረድፍ፦
አፈሳው የመጣው በ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ነው። አጎትህ የሄዱት ወደ ሰሜን ነው እንጂ ወደ ካራማራ አይደለም። ሁለት ጦርነት እየቀላቀልህ ነው።

ነጻ አስተያየት፦
በ1969 ገበሬ ማኅበሩ «ይህን ያህል ሰው አምጣ» ሲባል ምን ነበር ታዲያ፣ በጎ ፈቃድ? ሊቀመንበሩ የሚጠላውን ሰው ልጅ እየመረጠ እንደላከ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

የሚሊሻው ልጅ፦
አባቴ የሊቀመንበሩ ወንድም ነበር። በል እንግዲህ።

ሻምበል ነበርሁ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ታዝዤ ሄጄአለሁ፤ አላፍርበትም። ነገር ግን «ታዝዞ» የምትሉት ነገር የት ድረስ እንደሚያስኬድ ላስረዳችሁ። መስከረም 1970 ጅግጅጋ ላይ ትእዛዝ የሚባል ነገር ፈርሶ ነበር። ጦሩ አድሟል። የካራማራ ተራራ መተላለፊያ የሆነውን የማርዳን በር ጥሎ የወጣ አለ፤ መንግሥቱ ራሱ መጥቶ ለምኗል፣ አስፈራርቷል። ያን ጊዜ አልዋጋም ያለ ሰው መንገዱ ክፍት ነበር። ከዚያ በኋላ ሐረርን ይዞ እስከ ጥር ድረስ የቆመው ሰው በትእዛዝ ብቻ አይደለም የቆመው። ትእዛዝ ሰውን ምሽግ ድረስ ያመጣዋል። ሌሊቱን ምሽግ ውስጥ የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው።

ነጻ አስተያየት፦
እናመሰግናለን ጋሼ። ስለዚህ ጦሩ ጅግጅጋን ጥሎ እንደሸሸ አመኑ ማለት ነው። በዓሉ ለየትኛው ወር ይሁን፣ ለመስከረሙ ወይስ ለየካቲቱ?

ሻምበል ነበርሁ፦
አንተ ልጅ፣ የሸሸም የተዋጋም ባለበት ነው ጀግና የሚለየው። ማንም የማይሸሽበት ጦር የምታገኘው በሰልፍ ትርኢት ላይ ብቻ ነው።

መዝገብ አገላባጭ፦
ሁላችሁም ኩባን ረስታችኋል፤ ወይም ሆን ብላችሁ ዘላችኋል። ከ12 ሺህ የማያንስ የኩባ ወታደር፣ የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ፣ ከባድ መድፉ፣ ታንኩ። ደግሞም የካራማራ ተራራ በግንባር አልተወጣም። የሶማሊያ ጦር በሩ ላይ ሲጠብቅ ጦሩ በሰሜን ዞሮ፣ ከፊሉም በሄሊኮፕተር ተጭኖ ከኋላው ወረደ። ብልህ የጦር ዕቅድ ነው፤ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ዕቅዱ የማን እንደነበር እያወቅን «ብቻችንን» የሚል ዘፈን አንዝፈን።

ሦስተኛው ረድፍ፦
«ብቻችንን» ያለ ማን ነው? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው ትግላችን ሐውልት ሥር የኩባውያኑ መታሰቢያ ቆሞ የለም? በየካቲት 26 የኩባ አምባሳደር መጥቶ አበባ ያኖራል። ውለታ በመርሳት እነርሱ አይከሱንም፤ የምትከሰን አንተ ነህ። ደግሞ የቀን መቁጠሪያህን ተመልከት። ድሬዳዋ ላይ የሶማሊያ ጦር የተመለሰው ነሐሴ 1969 ነው። የኩባ ተዋጊ በብዛት መግባት የጀመረው ከኅዳር ወዲህ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ማን ያዘ? ሰማዩንስ? አሜሪካ መሣሪያ አልሸጥም ብላ ፊቷን ባዞረችበት ጊዜ በኤፍ 5 የሶማሊያን ሚግ እየጣሉ የነበሩት የእኛ ልጆች ናቸው። አብራሪው ለገሠ ተፈራ ተመትቶ ከተማረከ በኋላ እስከ 1980 ድረስ፣ ወደ 11 ዓመት ገደማ፣ ሶማሊያ እስር ቤት ኖረ። እስር ቤት ውስጥ ጸንተህ ኑር የሚል ትእዛዝ ማን ይሰጣል?

ነጻ አስተያየት፦
አብራሪና የታጠቅ ሚሊሻ አንድ አይደሉም። አብራሪ የተማረ፣ ሙያውን መርጦ የገባ ነው። እኔም ለእርሱ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

የሚሊሻው ልጅ፦
ገባኝ። ጀግና ለመባል ደብዳቤ ጽፎ ማመልከት ያስፈልጋል ማለት ነው። ማንበብ የማይችለው አባቴ ያው ሬሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነጻ አስተያየት፦
እንደዚያ አላልሁም።

የሚሊሻው ልጅ፦
ብለሃል፤ ሰው ሁሉ አንብቦታል።

ከካራማራ ሥር፦
እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ሶማሌ ነኝ፤ ኢትዮጵያዊም ነኝ። እዚህ ክርክር ውስጥ ስለ ተራራው ሁሉም ያወራል፣ ከተራራው ሥር ስለሚኖረው ሰው ማንም አላነሣም። ሁለት አጎቶች ነበሩኝ። አንዱ ከምዕራብ ሶማሌ ነጻ አውጪ ግንባር ጋር ሞተ፤ ሁለተኛው መምህር ነበር፣ የማንም ወገን ሳይሆን ሞተ። ከድሉ በኋላ አያቴ ከብቷን ጥላ ወደ ሶማሊያ ተሰደደች። በስደተኛ መጠለያ ዓመታት ኖራ ተመለሰች። እንደ እርሷ የተሰደደው ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። እናንተ በዓሉን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት አክብራችሁ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ብሔራዊ በዓል ሲሆን ግን የእኛም ትምህርት ቤት ሰልፍ ይወጣል። የአያቴ የልጅ ልጅ ባንዲራ ይዞ ምን ብሎ ይዘምር?

ያገር ፍቅር ዘመቻ፦
ታዲያ ማን ቢያሸንፍ ትወድ ነበር? በግልጽ ተናገር።

ከካራማራ ሥር፦
ይህን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው ስንጠየቅ። ዘነበች ስለ ወንድሟ ስትናገር «ማን ቢያሸንፍ ትወጂ ነበር» ያላት የለም።

ሦስተኛው ረድፍ፦
«ያገር ፍቅር ዘመቻ»፣ ይህ ነገርህ ነውር ነው። ሰውየው ኢትዮጵያዊ ነኝ ብሎ ነው የጀመረው።

ያገር ፍቅር ዘመቻ፦
ጠየቅሁ እንጂ አልሰደብሁም። እናንተ ደግሞ ጥያቄ ሁሉ ያማችኋል።

ሻምበል ነበርሁ፦
ከካራማራ ሥር ለጻፍኸው ልጄ፤ ጅግጅጋ ስንገባ ከተማው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አንዲት አሮጊት በር ላይ ተቀምጣ አየሁ፤ ውኃ ሰጠችን። የማን ወገን ናት ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ የተዋጋሁት ከሞቃዲሾ ከመጣ ታንክ ጋር ነው። ይህን ግን ለአያትህ አስረዳልኝ ማለት አልችልም።

ከካራማራ ሥር፦
ስላሉት አከብርዎታለሁ። በዓሉን ግን አሁንም እቃወማለሁ።

አፍንጮ በር፦
ከላይ ቃኘውን ያነሣኸው ወንድሜ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ብትገፋው ይሻል ነበር። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የኮሪያ ዘማቾች ሜዳሊያቸውን ሣጥን ውስጥ ቀብረው ነው የኖሩት። ይህ አሁን የምትሳለሙት ትግላችን ሐውልት የተሠራው በማን እርዳታ ይመስልሃል? በሰሜን ኮሪያ! አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። እርሱን ያስታወሰችው ደቡብ ኮሪያ ናት፤ መታሰቢያም፣ ለልጅ ልጆቹ የትምህርት ድጋፍም ከዚያ ነው የመጣው። የእኛ መንግሥታት ሙታንን የሚያስታውሱት ወዳጃቸው ሲቀየር ነው። ካራማራም ያው ነው፤ ኢሕአዴግ ዝም አለ፣ አሁን ደግሞ ነገሩ ሲያመች ተነሣ።

ሦስተኛው ረድፍ፦
ሐውልቱን ማን እንደሠራው ሥሩ ለታሰበው ሰው ምን ይገደዋል?

አፍንጮ በር፦
ለአባቴ ይገደው ነበር። ኮሪያ ላይ የቀሩት ጓደኞቹ በሰሜን ኮሪያና በቻይና ጥይት የሞቱ ናቸው።

ዘነበች ከአራት ኪሎ፦
እኔ ደግሞ የሐውልቱን ምረቃ አስታውሳለሁ። 1977 መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ ቀይ ባንዲራ በየመንገዱ። ያን ጊዜ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። በሉ አክብሩ።

የሚሊሻው ልጅ፦
ረሃቡንም አባቴ ነው ያመጣው? ምን ቀረ እንግዲህ!

የጡረታ ደብተር፦
ሁላችሁም ስለ ሻማና ስለ ሰልፍ ትከራከራላችሁ። 1983 ላይ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት «የደርግ ወታደር» ተብሎ ሲበተን ካራማራ የተዋጋውም አብሮ ተበትኗል። እግሩን ያጣው ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለምን ስንቶቻችሁ ሳንቲም ጥላችሁ አልፋችኋል? ከዚያ 1990 ላይ ባድመ ሲወረር እነዚያው አብራሪዎችና መኮንኖች ተፈልገው ተጠሩ፤ መጡም። እስቲ ነጻ አስተያየት ይንገረኝ፤ ያሰረውንና የበተነውን መንግሥት አገልግል ተብሎ የመጣ ሰው፣ እርሱም ታዝዞ ነው? ለእኔ በዓሉ ቢቀር ግድ የለኝም። ስማቸው ይሰብሰብ፣ በሕይወት ያሉት ይታከሙ።

ነጻ አስተያየት፦
ስሙ ይሰብሰብ የሚለው ላይ ችግር የለብኝም። ከመጀመሪያውም «ይታዘንላቸው» ነው የተባለው።

የሚሊሻው ልጅ፦
«ይታዘንላቸው» እና «ይከበሩ» መካከል ያለውን ርቀት እኔ እና እናቴ ነን የምናውቀው። የሚታዘንለት ሰው ሚስት ሆና ነው ያረጀችው። ሰው ሁሉ «ምስኪን» ይላታል።

መዝገብ አገላባጭ፦
ይቅርታ፣ ወደ ጦርነቱ ልመለስ። ሻምበል፣ እርስዎ ጅግጅጋ የገቡት በየትኛው በኩል ነው? በበሩ ከሆነ እኔ ካነበብሁት ጋር አይገጥምም።

ሻምበል ነበርሁ፦
እኔ ያለሁበት ጦር በእግሩ ነው የሄደው። ሌሊት፣ ብርድ፣ ዝናብ የበላው ጭቃ። ያነበብኸው ውስጥ ሄሊኮፕተሩ አለ፤ የእኛ እግር የለም?

መዝገብ አገላባጭ፦
እግረኛ አልነበረም አላልሁም። ከየት አቅጣጫ ነው ያልሁት። አንተ ያለህበት ክፍል በሰሜን ከዞረው ጋር ከነበረ እኔ ያልሁትን ነው የምታረጋግጠው።

ሻምበል ነበርሁ፦
መጀመሪያ አንቱ በለኝ። ደግሞ በሌሊት ተራራ ሲዞር ሰሜንና ደቡብ የሚያየው ካርታ የያዘ ሰው ነው፤ እኔ የማየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነበር።

መዝገብ አገላባጭ፦
እሺ፣ አንቱ። ሄሊኮፕተሩ ግን ነበር።