«ድክመቴን ለምክትሌ ትቻለሁ» ያሉት ሰውዬ

የጦሳው፦ ትናንት ደሴ የአመራር ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አንድ ኃላፊ ተነሥተው «ጠንካራ ጎኔ ሕዝብ ማናገር ነው፤ እሱን አሳድጋለሁ። የሒሳቡን ድክመቴን ለምክትሌ ትቻለሁ» አሉ። ጭብጨባ! ቧንቧችን በሳምንት ስንቴ እንደሚንጠባጠብ ታውቃላችሁ፤ ጭብጨባው ግን አልተቋረጠም።

ኩታበር፦ ምን አጠፉ? የሥራ አመራር ሊቁ ፒተር ድራከርም የማይሆንልህ ላይ አትድከም፣ የሚሆንልህን አሳድግ ነው ያለው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1864 ጄኔራል ግራንትን የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሲያደርገው ጠጪ ነው ተብሎ ነበር። ውጊያ ያውቃል፣ አለቀ።

የጦሳው፦ ድራከር እኮ ሥራህን የሚያሰናክል አለማወቅንም አስወግድ ብሏል። «ትቻለሁ»ን ከየት አመጣሃት? ግራንት ጦር አሸነፈ፤ የእኛ ሰውዬ ያሸነፉት ማይክሮፎን ነው።

ቦርከና፦ ወላሂ እሱም ሲንጫጫ ነበር ሃሃሃ

ሐይቅ ዳር፦ ምክትልየውስ? የሰው ድክመት በአደራ ተቀብሎ፣ ደመወዙ ያው የምክትል።

ኩታበር፦ ሁላችሁም አንዲት ቃል ላይ ተጣበቃችሁ። ሁሉን የሚችል መሪ የት አለ? የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም ዓድዋ የዘመቱት በፈረሰኛቸው ተማምነው ነው።

ቦርከና፦ በ1909 ሰገሌ ጦርነት ላይስ? ተማርከው ቀሩ።

ኩታበር፦ ደሴን መናገሻ ባደረጉ ሰው ላይ እንዲህ ይቀለዳል? ሰገሌን ከሒሳብ ጋር ምን አገናኘው?

ቦርከና፦ እኔ አመጣኋቸው? አንተው ነህ።

ኮምቦልቻ፦ እናንተ ሰዎች። እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ካይዘን፣ ያ የጃፓኖቹ ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል ዘዴ፣ ማለት ማሽኑ የቆመበት ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ማታ ለምን ቆመ ይባላል፣ ነገ ያቺ ደቂቃ ትቀንሳለች። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን የሚባል ወሬ የለም።

ሐይቅ ዳር፦ እኛም ቢሮ ገብቶ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ የስቴፕለሩ ቦታ በቢጫ ፕላስተር ተከልሏል። ስቴፕለሩ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ፤ ፕላስተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከካይዘን አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት ማስቀመጥ እያሉ የሚቆጥሯቸው፣ አምስተኛዋ ማዝለቅ አይደለች? ፕላስተሩን አዝልቃዋለች።

የጦሳው፦ ድሮ ግምገማ ላይ ቢያንስ «ደካማ ጎኔ ሥራ ሳበዛ ለቤተሰቤ ጊዜ ማጣቴ» ይሉ ነበር። አሁን እሷም ቀረች።

ኩታበር፦ ሰውዬው በአደባባይ ሒሳብ አልችልም ብለዋል። አንተ ትላለህ?

የጦሳው፦ እላለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እማራለሁ። «ትቻለሁ» አልልም።

ኮምቦልቻ፦ ለመሆኑ ምክትልየው ሥልጠናው ላይ ነበሩ?

የጦሳው፦ የሉም። ቢሮ ሒሳብ እየሠሩ ነው ተባለ።

ኩታበር፦ ይኸው! ሥራው እየተሠራ ነዋ!